ፍሬኑን የረገጠችው እሷ ናት

የመኪና መንዳት አስተማሪ ነው። እውነተኛ ስሙን የሚያውቁት ሚስቱ፣ ልጁና መታወቂያውን የሚያድሱለት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ የቀረው ሰው «ጋሽ ሬዲዮ» ነው የሚለው። ሬዲዮ ያሰኘው አፉ ነው። ጠዋት የመጀመሪያው ተማሪ መሪ ሲጨብጥ ይከፈታል፣ ማታ የመኪናውን በር ሲቆልፍ ይዘጋል። በወጣትነቱ የጭነት መኪና ሾፌር ስለነበር ቀኑን ሙሉ የሚያናግረው አልነበረውም። ሚስቱ «የዚያን ዘመን ዝምታ ነው ዛሬ በወለድ የሚከፍለን» ትላለች።

አስተያየት የሌለው ነገር የለም።

«ጠዋት ዜና አትስሚ። ዓለም ከቁርስ በኋላም እንደተቃጠለች ትጠብቅሻለች። ማርሽ ቀይሪ!»

«ማቀዝቀዣ ስትገዛ ሻጩን አታማክር፣ ጠጋኙን አማክር። ስፖኪዮህን እይ፣ ስፖኪዮ!»

«ሰው ሲያወራ ይጨምራል፣ ይቀንሳል። ቪዲዮ ግን አይዋሽም። ለዚህ ነው ልጄን መኪና ላይ ካሜራ ግጠሚልኝ የምላት።»

«በባልና ሚስት መሀል የስልክ ቁልፍ ምን ይሠራል? የሚቆልፍ የሚደብቅ ነው። ፍሪሲዮኑን ቀስ እያልሽ ልቀቂው፣ ቀስ!»

ተማሪዎቹ ይስቁበታል፣ አንዳንዶቹም ጆሯቸው እስኪጮህ ይሰለቹታል። ፈተና ላይ ግን ያልፋሉ። በማስተማሪያው መኪና ውስጥ በአስተማሪው እግር ሥር ሁለተኛ ፍሬን አለ፤ ጋሽ ሬዲዮ አፉ የትም ይሂድ፣ ቀኝ እግሩ ከዚያ ፍሬን ላይ ተነስቶ አያውቅም።

አንዲት ልብስ ሰፊ ልትማር የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ቀጭን፣ ድምፅዋ ከጉሮሮዋ ብዙም የማይርቅ ሴት። መጀመሪያ መሪ በያዘች ቀን መኪናውን እንደ ጀማሪ ሳታንገጫግጭ ስታስነሳው ጋሽ ሬዲዮ ገረመው።

«ይሄን እግር ከየት አመጣሽው?»

«የስፌት መኪና ላይ ነው የምውለው፣ ጋሽዬ።»

«በይ እንግዲያው ሾፌር ነሽ! ያንቺ መኪና ጨርቅ ይበላል፣ የኔ መኪና ነዳጅ ይጠጣል። ልዩነቱ ይኸው ነው።»

ሳቀች። ስትስቅ አፏን በእጇ ሸፈነች፤ ያኔ እጅጌዋ ወደ ላይ ሲሸሽ አንጓዋ ዙሪያውን በልዞ አየው።

«እጅሽን ምን ነካው?»

«ካውያ።»

ካውያ ያቃጥላል እንጂ አያበልዝም። ጋሽ ሬዲዮ ይህን አላጣውም። ግን ሰው ቤት ጉዳይ ምን ጥልቅ አደረገኝ አለና ስለ ካውያ ማውራት ጀመረ፤ የትኛው ዓይነት ቶሎ እንደሚበላሽ፣ ገመዱ ለምን መጠማዘዝ እንደሌለበት፣ ለልጁ የገዛላት እንፋሎት የሚተፋው ካውያ እንዴት መጋረጃ እንዳበላሸ። ዳገቱን ወጥተው ወርደው እስኪጨርሱ ስለ ካውያ አወራ። እሷም መንዳቷን ቀጠለች።

ባሏ የብረት በርና መስኮት ሠሪ ነው። መንዳት እንደምትማር አያውቅም። ከቤት የምትወጣው «ክርና ቁልፍ ልገዛ ነው» እያለች ነበር። በሌላ ከተማ የምትኖር እህቷ ዕቃ የምታመላልስበት መኪና ስላላት፣ መንጃ ፈቃዱን እጇ ካስገባች ሹልክ ብላ ወደዚያ ልትሄድ ቆርጣለች። ይህን ሁሉ ጋሽ ሬዲዮ የሰማው ኋላ፣ ነገሩ ሁሉ ከተበላሸ በኋላ ነው።

አንድ ቀን ጥላ ሥር አቁመው ውሃ እየጠጡ ሳለ ስልኳን ከቦርሳዋ አወጣች።

«ጋሽዬ፣ እርስዎ ብዙ ነገር ያውቃሉ። ስልክ ላይ ሰው የት እንዳለ የሚያሳየው ነገር... ሎኬሽን የሚሉት፣ እንዴት ነው የሚጠፋው?»

ለሌላ ሰው ጥያቄ ነው፤ ለጋሽ ሬዲዮ ግን መድረክ ነበር።

«ለምን ይጠፋል? በጭራሽ አታጥፊው! ልጄ እኔ የት እንዳለሁ ከኔ በላይ ታውቃለች። ልቤ ቀጥ ቢል፣ ገደል ብገባ መጥታ ታነሳኛለች። ሎኬሽን የሚያጠፋ ወይ ሌባ ነው ወይ ባለ ውሽማ። ባልሽ ቢያይሽ ምን ትሆኛለሽ? እንዲያውም ደስ ይበልሽ፣ የሚጨነቅልሽ ሰው አለሽ ማለት ነው።»

ልብስ ሰፊዋ ስልኩን አየችው። ከዚያ «እሺ፣ ጋሽዬ» ብላ ወደ ቦርሳዋ መለሰችው። ዳግመኛ አልጠየቀችም።

ቀኑ የመጣው በዚያው ሳምንት ነው። የሚለማመዱት ሥራ ባቆመ ፋብሪካ ሰፊ ግቢ ውስጥ ነበር። ግቢው ዕቃ ማራገፊያ ዳገት ስላለው፣ ዳገት ላይ ቆሞ መነሳትን ለማስተማር አስተማሪዎች ሁሉ ወደዚያ ይሄዳሉ። ያን ጠዋት ግን ሌላ መኪና አልነበረም። ከአጥሩ ማዶ አንድ ጎሚስታ ጎማ ሲያወልቅና ሲገጥም ይሰማል።

ልብስ ሰፊዋ ያን ጠዋት እግሯ አልታዘዝ ብሏታል። ዳገቱ ላይ ደጋግማ ሞተር አጠፋች። ጋሽ ሬዲዮ ስለ ትዕግሥትና ስለ ዳቦ መጥበሻ ምድጃ የሆነ ነገር እያወራ ሳለ ነጭ ፒካፕ በአቧራ ተጠቅልሎ በበሩ ገባ፤ እየበረረ መጥቶም ፊታቸው ተገተረ።

«እሱ ነው» አለች። ሞተሩም ጠፋባት።

ባልየው ጎማ መፍቻ ብረት ይዞ ወረደ። አልጮኸም፣ አልተሳደበም። በመጀመሪያው ምት የፊት መስታወቱ ነጭ ሆነ፤ በሁለተኛው የእሷ በኩል ያለው መስታወት ጭኗ ላይ ፈሰሰ። እጁን ወደ ውስጥ አስገብቶ በሩን ከፈተና ፀጉሯን ጠቅልሎ ይዞ ጎተታት። የመቀመጫ ቀበቶዋ አልተፈታም ነበርና አንገቷን አነቃት፤ ዓይኗ ሲገለበጥ ጋሽ ሬዲዮ አየ። እጁን ሰዶ ቀበቶውን ፈታላት። ላድናት ብሎ አሳልፎ ሰጣት፤ ባልየው አንዴ መንጭቆ መሬት ላይ ጣላት።

«ክር ልትገዢ ነው የወጣሽው?» አላት። አሁን ነው ድምፁን ያሰማው። ሆዷን በጫማው ረገጣት። «የታለ ክሩ? አሳዪኝ እንጂ ክሩን!» ደግሞ ረገጣት። እሷ አልጮኸችም። ጭንቅላቷን በእጆቿ ሸፍና ተጠቀለለች፤ የለመደ ሰው አጠቃለል ነበር።

ጋሽ ሬዲዮ በሩን ከፍቶ ወጣ።

«ወንድሜ፣ ተው። በሕይወትህ፣ ተው። ሰው ልትገድል ነው፣ ተው ወን...»

ቃሉን አልጨረሰውም። ብረቱ መንጋጋው ላይ አረፈ። ከሕመሙ በፊት የመጣው ጣዕሙ ነው፤ አፉ በትኩስ ነገር ሞላ፣ ምላሱ ላይም ጠጠር የመሰለ ነገር ተንከባለለ፤ የገዛ ጥርሶቹ ናቸው። አልወደቀም። ዘሎ የባልየውን ወገብ አቀፈውና ከፒካፑ ጋር አላተመው። እንደዚያ ተያይዘው ሲንገላቱ ሁለተኛው ምት ትከሻውን አገኘው፤ ክንዱ ከሱ ተለይቶ የሌላ ሰው ክንድ ሆነ። ወደቀ።

«አንተ ነህ አስተማሪው?» አለ ባልየው እያለከለከ። «ሚስቴን ምን ምን አስተማርካት? እኔንም አስተምረኛ!» የጎድን አጥንቱን ረገጠው። ከዚያ ጎማ መፍቻውን በሁለት እጁ ጨብጦ ከራሱ በላይ አነሳው።

ጋሽ ሬዲዮ ያኔ ያየው ብረቱን ሳይሆን ሰማዩን ነው። ንጹሕ ሰማይ ነበር። ሚስቴ ምን ትል ይሆን ብሎ አሰበ።

የሰማው የሞተር ድምፅ ነው።

ያን ጠዋት ሙሉ ሞተር ስታጠፋ የነበረችው ሴት አሁን አላጠፋችም። እነሱ ሲታገሉ ተስባ ወደ መሪው ተመልሳ፣ በተሰበረ መስታወት ላይ ተቀምጣ፣ አንዱ ዓይኗ አብጦ እየተዘጋ፣ ፍሪሲዮኑን ልክ እንደተነገራት ቀስ ብላ ለቀቀችው። መኪናው ተነስቶ በጋሽ ሬዲዮ ጎን አልፎ ባልየውን ጭኑ ላይ መታውና ከፒካፑ ጎን ጋር አጣበቀው። አጥንቱ ሲሰበር ጎሚስታው ጎማ የፈነዳ መስሎት በአጥሩ ቀዳዳ አየ። አይቶም እንደ ማንኛውም ሰው ስልኩን አወጣ።

መቅረጽ ሲጀምር እሷ ወደ ኋላ እየሄደች ነበር። ባልየው በፒካፑ ጎን ተንሸራቶ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን ይጮሃል። እሷም ቆመች። በተሰነጠቀው መስታወት ውስጥ ባሏን አየችው። ከዚያ እንደገና ማርሽ አስገባች።

ጋሽ ሬዲዮ የማርሹን ድምፅ ሰማ፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነው ገባው። «ተይ» ሊላት አፉን ከፈተ። አፉ አልታዘዘም። መንጋጋው ተንጠልጥሎ ደም ብቻ ወጣ። መኪናው መጣ። በአንድ እጁ መሬቱን እየቧጠጠ ተሳበና ከመኪናውና ከሰውዬው መሀል ተጋደመ። ፍሬን ወዳለበት መሮጥ አይችልም፣ መጮህ አይችልም፤ የቀረው ገላው ብቻ ነበር። የመኪናው ግንባር በላዩ ላይ ሲያጠላ ዓይኑን ጨፈነ።

መኪናው ቆመ። የሞተሩ ወላፈን ፊቱን ሞቀው። ከዚያ የእጅ ፍሬን ሲሳብ ሰማ፣ ቀጥሎ በር ሲከፈት፣ ቀጥሎ እሷ ጎማው ሥር ስታስመልስ።

ከሰዓት ሳይሆን ቪዲዮው በከተማው ስልክ ሁሉ ላይ ነበር። ማንም ጎማ መፍቻውን አላየም፤ ማንም የመጀመሪያውን ምት አልሰማም። የሚታየው አንዲት ሴት፣ አንድ እግሩ የተሰበረ ሰው፣ አንድ ፊቱ በደም የታጠበ ሽማግሌ፣ ደግሞም በላያቸው ላይ የሚመጣ መኪና ነው። «ባሏንና አስተማሪዋን በአንድ ቀን የገጨች ጀግና» ተብሎ ተለጠፈበት። ከሥሩ ሰው ሁሉ ዳኛ ሆነ። «ለሴት መሪ ስጡ ብላችሁ!» «ሽማግሌው ውሽማዋ ነው፣ ደብቁት።» «ይህችን እዚያው መኪናው ሥር ማድረግ ነበር።»

የጋሽ ሬዲዮ ልጅ መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው። የራስ ምታት መድኃኒት ሊገዛ የመጣ ደንበኛ እየሳቀ ስልኩን ወደ እሷ አዙሮ «እስኪ ይሄን ጉድ እዪ» አላት። አየች። ደም ከለበሰው ፊት በታች ያለውን ኮት ለልደቱ የገዛችው እሷ ነበረች። ደንበኛው ፊቷን ሲያይ መድኃኒቱን ትቶ ወጣ።

ሆስፒታል ስትደርስ መንጋጋውን በሽቦ አስረውታል። «አባዬ፣ እሷ ናት? መኪናዋ ነው እንዲህ ያደረገህ?» ብትለው ጭንቅላቱን ነቀነቀ። እሱ «አይደለም» ማለቱ ነው፤ እሷ ግን ሕመም መሰላት። ፖሊሱም መጣ፤ በሽቦው መሀል እየተጉተመተመ ሲነግረው ብዙም አልጻፈም። «አባባ፣ አይድከሙ፣ ቪዲዮውን አይተነዋል» ብሎ ትራሱን አስተካከለለት። ጋሽ ሬዲዮ በደህናው እጁ የፖሊሱን ክራባት ይዞ ወደ ታች ጎተተው። ነርሶች ናቸው ያላቀቁት። ፖሊሱ ያን ጊዜ እንደገና ተቀምጦ ከመጀመሪያው ጻፈ።

ልብስ ሰፊዋ ታስራለች። እስር ቤቱም ውስጥ ወሬው ቀድሟት ገብቶ ነበር። የመጀመሪያውን ሌሊት «ባል ገዳይ» እያለች አንዲት ግዙፍ ሴት ፊቷን ከግድግዳ ጋር አጋጨቻት። በነጋታው ግን ይህችው ሴት ልብስ ሰፊዋ ሆድ ላይ ያለውን የጫማ ቅርጽ አየች። ብርድ ልብሷን አነሳችና ሰጠቻት፤ ከዚያ በኋላ ማንም አልነካትም።

ጋሽ ሬዲዮ ቤቱ ከገባ በኋላ የባልየው ወንድሞች መጡ። ሁለት ናቸው፤ ሁለቱም የብረት ሥራ እጅ አላቸው። በሩ ላይ የቆመውን የተሰባበረ መኪና መጀመሪያ በመዶሻ ቀጠቀጡት፤ መብራቶቹን፣ ኮፈኑን፣ ጣሪያውን። ልጁ ልታስቆማቸው ወጣች።

«አባትሽ ሊመሰክር ነው አሉ» አላት አንደኛው። «መንጋጋው ተሠርቶለታል ማለት ነው? ድጋሚ እንፍታለት?»

«ከዚህ ሂዱ» አለች። በጥፊ መታትና ከደረጃው ላይ ጣላት።

የጋሽ ሬዲዮ ሚስት ወፍራም፣ በእግሯ ሕመም የተነሳ ቀስ ብላ የምትራመድ ሴት ናት። ያን ቀን ግን ማንም ቀስ ስትል አላያትም። ለአንሶላ ማጠቢያ የጣደችውን ውሃ ከነድስቱ ይዛ ወጣችና ደረጃው አናት ላይ ሆና ለቀቀችው። ጥፊ የመታው እጅ እስከ ክርኑ ተገሸለጠ። ጩኸቱ ሰፈሩን አወጣው።

«አንተስ?» አለች ለሁለተኛው፣ ባዶውን ድስት በጆሮው አንጠልጥላ። «ለአንተ ደግሞ ብረቱ አለልህ። ና!»

አልመጣም። ጋሽ ሬዲዮ ሁሉንም በመስኮት አይቷል። መውጣት ፈልጎ ከአልጋው ወድቆ ነበርና ሲያነሱት አለቀሰ። ሚስቱ አጠገቡ ተቀምጣ እርጥብ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «ትመሰክራለህ» አለችው ከዚያ። «ካሁን በኋላ ለሷ ብቻ አይደለም።»

ፍርድ ቤት ሲቀርብ ሽቦው ወጥቶለት ነበር፤ አፉ ግን ገና በግማሹ ብቻ ነበር የሚከፈተው። ባልና ሚስቱ ሁለቱም ተከሰው ነው የቀረቡት፤ የባልየው ጠበቃ ቪዲዮውን ሦስቴ አሳየ። ባልየው በክራንች ተደግፎ ያያል፤ ልብስ ሰፊዋ መሬት መሬት ታያለች።

«ይህ ቪዲዮ ይዋሻል ነው የሚሉን?» አለው ጠበቃው።

«አይዋሽም» አለ ጋሽ ሬዲዮ። «ግን ዘግይቶ የመጣ ምስክር ነው። እኔ ከሱ በፊት እዚያ ነበርኩ፤ ይኸው» ብሎ ጥርስ የሌለውን ድዱን ገልጦ አሳየ።

ጎሚስታውም ቀርቦ ድምፅ ሰምቶ ብቅ ከማለቱ በፊት የሆነውን እንደማያውቅ፣ ኋላ ሲገባ ግን ደም የነካ ጎማ መፍቻ ባልየው እግር ሥር አይቶ እንደነበር ተናገረ። ለምን እስካሁን ዝም አልክ ሲባል «ማንም አልጠየቀኝም፣ ሰው ሁሉ ቪዲዮውን ላክልኝ ብቻ ነው ያለኝ» አለ።

ጠበቃው ወደ ጋሽ ሬዲዮ ተመለሰ። «መጀመሪያ የመታችው እርስዎን ልታድን ነው እንበል። ሁለተኛ ጊዜስ? ማርሽ አስገብታ ቁጭ ወዳለ፣ እግሩ ወደተሰበረ ሰው አልመጣችም?»

የእሷ ጠበቃ ዓይኑን ጨፈነ። ጋሽ ሬዲዮ ልብስ ሰፊዋን አያት።

«መጥታለች።»

«ልትገድለው ነበር?»

«ልቧን አላየሁም። እኔ ግን ፈርቼ ነበር።»

«እንግዲያው ያዳነው እርስዎ ነዎት። በእርስዎ በኩል ያለውን ፍሬን ያዙ?»

«እኔ መሬት ላይ ነበርኩ፣ ጌታዬ። መኪናው ውስጥ ከሷ በቀር ማንም አልነበረም። ፍሬኑን የረገጠችው እሷ ናት።»

ባልየው ተፈረደበትና ታሰረ። የተቃጠለው ወንድሙም ተከሶ ነበር፤ በዋስ ወጥቶ ከከተማው ጠፋ። ልብስ ሰፊዋ የመጀመሪያው ምት ሕይወት ለማዳን ነው ተባለላት፤ ለሁለተኛው እስካሁን የታሰረችው ይበቃታል ተብላ ተለቀቀች። ያን ዕለት ስለ ፍርዱ የለጠፈ ሰው የለም ማለት ይቻላል። ቪዲዮው ግን እስከ ዛሬ ይዞራል፤ አንዳንዴ ዘፈን ይገባበታል።

ጋሽ ሬዲዮ ከወራት በኋላ ወደ ሥራው ተመለሰ። ሲያኝክ መንጋጋው ይንቋቋል፣ ብርድ ሲሆን ትከሻው ይታሰራል። ወሬው አልሞተም፤ ስለ ዜና፣ ስለ ማቀዝቀዣ፣ ስለ መንግሥት ያው ነው። ተማሪ ስልክ አውጥቶ አንድ ነገር እንዴት እንደሚጠፋ ሲጠይቀው ግን ለምን ብሎ አይጠይቅም። መኪናውን ጥግ አስይዞ ያጠፋለታል። የማያውቀው ከሆነ እዚያው ለልጁ ይደውላል።

አንድ ቅዳሜ ልብስ ሰፊዋ የምትሠራበትን አዲስ ክፍል ፈልጎ ሄደ። ጠባብ ክፍል ናት፤ አንድ የስፌት መኪና፣ አንድ መስታወት፣ ግድግዳው ላይ ደረብ ደረብ ተደርጎ የተሰቀለ ያላለቀ ልብስ። እስር ቤት ግድግዳ ላይ የተሰበረው አፍንጫዋ ትንሽ ወደ ጎን ዞሯል። ወንበር ሰጠችውና የያዘችውን ቀሚስ ጠርዝ በስፌት መኪናው መስፋቷን ቀጠለች። ስለ ሚስቱ እግር ጠየቀችው፤ እሱም ስለ እህቷ ጠየቃት። ከዚያ ሲያላምጠው የከረመውን ነገር አወጣው።

«ያን ቀን ስልኩን አውጥተሽ ስትጠይቂኝ...»

መኪናው ቆመ።

«አጥፍቼልሽ ቢሆን ኖሮ...»

ምናልባት «አይ ጋሽዬ፣ ያም ሆነ ይህ ያገኘን ነበር» ትለዋለች ብሎ ተስፋ አድርጎ ነበር። መንገዱን ሁሉ ሲመጣ ይህን መልስ ነበር የሚሰማው።

«አዎ» አለችው። «አያገኘንም ነበር። ያን ሳምንት ፈተናዬ ነበር።»

ድምፅዋ ውስጥ ቁጣ አልነበረም። ክሩን በጥርሷ ቆረጠችው። ጋሽ ሬዲዮ እጆቹን ጉልበቱ ላይ አስቀምጦ ቆየ። በመጨረሻ የቀሚሱን ሌላኛውን ጫፍ ወደ እሱ ገፋችለት፤ «ይያዙልኝ፣ እንዳይታጠፍ» አለችው። ያዘላት። አብረው ሠሩ፤ እሷ እየሰፋች፣ እሱ እየወጠረ።

ከመንገዱ ማዶ የአንድ ሱቅ የብረት መዝጊያ ከላይ ተለቆ ዷ! ብሎ ወረደ። ጋሽ ሬዲዮ ከወንበሩ ተነስቶ ግድግዳው ላይ ተለጥፎ ነበር። እሷ ደግሞ መቀሱን እንደ ጩቤ ጨብጣ ፊቷን ወደ በሩ አዙራ ቆማለች፤ ቀሚሱ እግራቸው ሥር ወድቋል። ተያዩ።

መጀመሪያ የሳቀችው እሷ ናት። ከዚያ እሱም ሳቀ፤ መንጋጋው እስኪያመው። መቀሱን ግን ወዲያው አላስቀመጠችውም።